የእማማ ቡሩል ቀኝ ክንድ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

ሰላምታዬ በረዶውን ጥሶ ይድረስሽ። ክረምቱ እንዴት ያዘሽ? ወገብሽስ? አባባ የላክሁለትን ቅባት ጉልበቱን እየተቀባ ነው ወይስ እንደ አምናው ለፈረሱ ቀባው? ቡራቡሬዋ ላም ወለደች? ታናሿስ ለፈተናዋ እያጠናች ነው ወይስ ስልኳ ላይ ተጥዳ ነው የምትውለው? እኔ ለአላህ ምስጋና ይግባው ደህና ነኝ። ምድጃዬ ያጨሳል፣ መስኮቴ ያፏጫል፣ የሆስፒታሉ ቧንቧ ውኃ የሚሰጠው ደስ ሲለው ነው፤ ከዚህ በቀር ጤናዬ የድንጋይ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ ስናወራ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እዘጋለሁ። ወረቀት አይዘጋም። ብታለቅሺበትም ተራ ጠብቆ እስከ መጨረሻው ይነበባል። ለሚኒባሱ ሹፌር የምሰጠው በአንቺ እጅ ብቻ እንዲያደርስ አስምዬ ነው።

የላክሽብኝን መልእክት ይኸው ሹፌር አድርሶኛል። መንደር ውስጥ የሚወራውንም ሳልጠይቀው ጨምሮ ነገረኝ፤ አፉን ታውቂው የለ። «ያቺ ደፍ ተሻግራ የወጣችው ልጅ ሐኪም ሆና ተመለሰችና የቡሩልን ቀኝ ክንድ ቆርጣ ተበቀለቻት። ክንዱም በወግ ተገንዞ ተቀብሯል» ይባላል አሉ። አንቺም ይህን ሰምተሽ ራስሽን በሻሽ አስረሽ ተኝተሻል። ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ከዚያም ይህን ሥራ ትቼ ወደ ከተማ እንድገባ ልከሽብኛል።

እናቴ፣ አልወድቅም። ሥራዬንም አልተውም። ክንዱ ደግሞ ጌታው በሰቀለበት ትከሻ ላይ ነው ያለው። ትናንት በዚያው ክንድ ሊጥ ሲያቦኩ ያየ ሰው ነግሮኛል። ወሬው እንዴት እንደተወለደ ግን እኔ ካልነገርኩሽ ማንም አይነግርሽምና ተቀመጪና አንብቢ።

ከኋላ ልጀምር። አንቺና እኔ አንድም ቀን ቁጭ ብለን ያልተነጋገርንበትን ነገር አንዴ በገዛ እጄ ልጻፈው።

የሕክምና ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ። ለዕረፍት ቤት መጥቼ አንቺ ከአክስቴ ዘንድ ዱቄት እንዳመጣ ላክሽኝ። በላይኛው መንገድ ልሂድ ስል፣ በወፍጮው በኩል ይቀርባል አልሽኝ። ያን ቀይ ፈርጥ ያለውን አዲሱን የብር ጉትቻሽን፣ ከገበያ ገዛሁት ያልሽንን፣ አድርገሽ በር ላይ ቆመሽ ሸኘሽኝ። በወፍጮው በኩል ሄድኩ። ሜደርና ጓደኞቹ የመኪናቸውን ሞተር አሙቀው ቆመው ነበር። ከዚያ በፊት ልጁን አንድ ሠርግ ላይ አይቼው ይሆናል፤ ድምፁን እንኳ አላውቀውም ነበር። አፍሰው መኪናው ላይ ጫኑኝ።

ቤታቸው ስንደርስ ከመጋረጃው ጀርባ አስቀመጡኝ። ሴቶቹ ከበቡኝ፤ አንዷ ትለምናለች፣ አንዷ ትሰድባለች፣ አንዷ ዳቦ ታጎርሳለች። ነጩን የሙሽራ ሻሽ ራሴ ላይ የሚያስሩት የሜደር አያት እማማ ቡሩል ነበሩ። አንዴ ከታሰረ አለቀ፣ ሚስት ሆንሽ ማለት ነው። የቀኝ እጃቸው ጥንካሬ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ግንድ ላይ አለ። ባሰሩት ቁጥር መንጭቄ ጣልኩት። ሲታክታቸው ሻሹን ተዉና ሄደው ደፉ ላይ በቁመታቸው ተጋደሙ። አሮጊት ተሻግራ የምትወጣ ሴት ማሕፀኗ ይነጥፋል፣ ምድጃዋ አይሞቅም፤ ይህን ከጡትሽ ጋር ነው ያጠባሽኝ። ሁሉም የሚያየው እግሬን ነበር።

ተሻገርኩ።

በእግሬ ቤት ስደርስ አንቺ በመስኮቱ፣ ተመለሺ ለማለት፣ «ድንጋይ የሚከብደው በወደቀበት ነው» አልሽኝ። በሩን የከፈተልኝ አባባ ነው።

እንግዲህ ዲፕሎማዬን የተቀበልኩ ጊዜ ጓደኞቼ ሁሉ ዋና ከተማው ውስጥ ለመቅረት ሲራወጡ እኔ ይህን ወረዳ በገዛ አፌ የመረጥኩት ለዚህ ነው። አብዳለች አላችሁ። ተጎትቼ በሄድኩበት አገር ቀና ብዬ በእግሬ መሄድ አማረኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ አልፈልግምም። አስተማሪዬ ሲሰናበቱኝ ምን ላስታውስሽ ቢሉኝ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያለበት፣ የደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ስጡኝ አልኳቸው። ሌሎቹ እስክሪብቶ ነው የወሰዱት።

ቱቦዬን ይዤ ስመጣ የቀዶ ጥገናው ኃላፊ ዶክተር ጁማሊ አዩትና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ልጄ፣ እዚህ አገር ክንድ የሚጠፋው በመጥረቢያ ነው። ይልቅ መጋዝ ብታመጪልን ይሻል ነበር» አሉኝ። መሳቢያ ውስጥ ከረመ። በየሳምንቱ አቧራውን እየጠረግኩ «ቆይ ብቻ» እለው ነበር። ሲስተር ቶቱያ፣ የቀዶ ጥገናው ነርስ፣ ከዕቃ ጋር የምታወራ ሐኪም መጣችብን ብላ ለሰው ሁሉ አውርታብኛለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ በረዶው እንደ ዱቄት እየወረደ፣ ሰዎች ግቢውን በጩኸት ሞሉት። አንድ ጎልማሳ አሮጊት ታቅፎ ገባ። የአሮጊቷ ቀኝ ክንድ ከትከሻ እስከ ጣት በትኩስ የበግ ቆዳ ተጠቅልሏል፤ ጠጉሩ ወደ ውጭ፣ የሥጋው ጎን ወደ ክንዱ፣ ገና እንፋሎቱ አልወጣለትም። አንቺም እኮ አባባን ሳንባው ሲቀዘቅዝበት እንደዚሁ ጠቅልለሽው ነበር። የእኛ ሰው ምን ያድርግ፣ የቀዘቀዘ ነገር ካየ በግ ያርዳል።

ከሰዎቹ እንደሰማሁት፣ አሮጊቷ ከንጋት ሶላት በኋላ ሊጥ ሲያቦኩ ድንገት ክንዳቸው በጅራፍ እንደተመታ ሆነ። ከዚያ ነጣ፣ ቀዘቀዘ፣ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉ። ጎረቤት ተጠራ፣ በግ ታረደ፣ ክንዱ ተጠቀለለ። ቆዳው ሲሞቅ ክንዱ የሞቀ መሰላቸው። ሕመሙ ሲጠፋም «ተሻላቸው» ብለው ሻይ ጠጡ። የጠፋው ግን ሕመሙ ብቻ አልነበረም፤ ክንዱ ራሱ መስማት አቁሞ ነበር። ቆዳው ሲበርድ ለመቀየር ሁለተኛ በግ አረዱ። መኪና ትዝ ያላቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ቆዳውን ፈታሁት። ክንዱ የሻማ መልክ ይዟል፤ እዚህም እዚያም እንደ እብነ በረድ ሰማያዊ ሐረግ ጥሎበታል። ጣቶቼን አንጓው ላይ አሳረፍኩ፣ ትርታ የለም። ከብብት ሥር አለ፤ ክርኑ እጥፋት ላይ ሲደርስ ይቆማል። በግራ እጅ ያለው ትርታ ደግሞ እንደ ሰከረ ፈረስ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይሰናከላል። ያን ጊዜ ገባኝ።

እናቴ፣ በመስኖው ቦይ ልንገርሽ። ልብ በሥርዓቱ ሳይመታ ሲቀር ደም እዚያው ውስጥ ይተኛል፤ የተኛ ደም ይረጋል። የረጋው ተቆርሶ ከወራጁ ጋር ይሄድና ቦዩ ሁለት በሚሆንበት ቦታ እንደ ሣር ጓል ይወተፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ማሳ ውኃ አጣ ማለት ነው። ውኃ ያጣ ማሳ ላይ ፀሐይ ብትጨምሪበት ምን ይሆናል? የበግ ቆዳው ያደረገው ይህንን ነው። ክንድ ያለ ደም የሚታገሰው ስድስት ሰዓት ያህል ነው፤ ሲሞቅ ደግሞ ትዕግሥቱ ያጥራል። ሰዓቱ ከንጋት ጀምሮ እየሮጠ ነበር።

የደም ማቅጠኛውን መርፌ ሰጠኋቸውና ቀና ስል ያ ጎልማሳ እያየኝ ነው። ሜደር ነው። ጢም አውጥቷል፣ ወፍሯል። እኔ አሮጊቷን ያወቅኳቸው ገና እጃቸውን ስይዝ ነበር፤ የእሱን መልክ ግን ረስቼው ነበር ብልሽ ታምኚኛለሽ?

«እሷ ናት» አለ ለዘመዶቹ። የምን እሷ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሁሉም ልክ እንደዚያ ቀን ወደ እግሬ አዩ።

አያቴን ለእሷ ቢላ አልሰጥም፣ የዶሎንን ተራራ ማለፊያ አቋርጬ ዋና ከተማ እወስዳቸዋለሁ አለ። ዶሎን በናዳ መዘጋቱን ሲስተር ቶቱያ ነገረችው። እስኪከፈት እጠብቃለሁ አለ። መንገዱ እስኪከፈት ክንዱ እንደማይጠብቅ እኔ ነገርኩት።

ዶክተር ጁማሊ ወደ ኮሪደሩ ጠርተው አወጡኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ የደከሙ ሰው ናቸው። ደም ሥር ውስጥ ቱቦ አስገብተው አያውቁም፤ እኔ በእጄ የሠራሁት ጭን ላይ ብቻ ነው፣ ያውም አስተማሪዬ አጠገቤ ቆመው። አስተማሪዬ ዘንድ ደወልኩ። ነገሩን ሰምተው፣ ቱቦው አለሽ አይደል፣ ታዲያ በስልክ ምን ታደርጊያለሽ አሉኝ። ዶክተር ጁማሊ ግን አልለቀቁኝም።

«ስሚኝ» አሉኝ። «ሌላ ሐኪም ቢሳሳት ተሳሳተ ነው የሚባለው። አንቺ ብትሳሳቺ ግን ተበቀለች ነው የሚባለው። ከዚህ ወረዳ በሕይወት ዘመንሽ ራስሽን ቀና አድርገሽ አትወጪም።»

«እጄን አጣጥፌ ብቀመጥስ? ያኔም ተበቀለች ይላሉ። ክንዱ ግን አይኖርም» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «እኔ የደም ሥሩን ገልጬ አወጣልሻለሁ፣ ቱቦው የአንቺ ነው። በመጀመሪያ ግን የክንዱን ባለቤት አስፈቅጂ» አሉ።

ተመልሼ ገባሁ። እማማ ቡሩል በግራ እጃቸው የቀኙን ይዘው፣ እንደ ሰው ልጅ አቅፈውታል። ሁሉንም ሳልሸፍን ነገርኳቸው፦ ቢሳካ ምን እንደሚሆን፣ ባይሳካ ክንዱ እንደሚቆረጥ፣ ከዚያም ቢዘገይ ሞት እንደሚመጣ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ዓይናቸውን አጠበቡ።

«በላዬ የተሻገርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«እግርሽን ምንም አልነካሽም?»

«ምንም።»

«ታዲያ እኔ ብርድ ላይ ተጋድሜ ወገቤን ያጣሁት በከንቱ ነው በይኛ» አሉ። አንዷ ዘመዳቸው ሳታስበው ሳቀች፣ አፏን ያዘች።

ሜደር ጣልቃ ገብቶ «አያቴ፣ ይቺን ሴት አላምናትም» ሲል ዞር ብለው አዩት።

«አንተ» አሉት፣ «ያኔ ልታስቀራት ያልቻልክ፣ ዛሬ ልታስወጣት ነው? ከበሩ ዞር በል፤ ደፍ ላይ አትቁምባት፣ ትረግጥሃለች።»

እንዲህ ነው እሺ ያሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ልባቸው ስላልታመነ አላስተኛናቸውም፤ ክንዱን ብቻ አደነዘዝነው። ዶክተር ጁማሊ «ቢስሚላህ» ብለው የክርኑን እጥፋት ከፈቱ። እነዚያ በመጥረቢያ ቁስል ያረጁ እጆች፣ እናቴ፣ እንዴት ያለ ጥበብ እንዳላቸው ብታዪ። ደም ቅዳውን ገልጠው፣ ከላይና ከታች በክር ይዘው፣ «በይ የመሳቢያሽን ጌታ አምጪው» አሉኝ። አመጣሁት። ቱቦውን ባዶውን፣ ፊኛው ሳይነፋ፣ ከጓሉ ወዲያ አሳለፍኩት፤ ከዚያ ፊኛውን በቀስታ ነፋሁና መሳብ ጀመርኩ። እየተጎተተ፣ እየታከከ፣ አንድ አልቅት የመሰለ ጥቁር ነገር ወጣ። ከላይ የመጣው ደም እስከ ዶክተር ጁማሊ መነጽር ተፈናጠረ። «አቤት ማማሩ» አሉ በመነጽራቸው ደም ውስጥ፣ እንደ ሕፃን።

አላለቀም ነበር። ወደ እጅ የሚወርዱት ሁለቱ ቅርንጫፎችም መጠረግ አለባቸው። እማማ ቡሩል ደግሞ፣ ክንዳቸው ያለ ሕመም ሲሠራበት፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ወሬ ጀመሩ። ሲስተር ቶቱያ ዝም ልታስብላቸው ስትል ተዪያቸው አልኳት፤ ሰው እያወራ ከሆነ ደህና ነው ማለት ነው።

እሳቸውንም በፈረስ ጭነው እንዳመጧቸው ነገሩኝ። የባላቸው አያት እንደዚሁ ደፉ ላይ ተኝተው ነበር። «እግሬን አንስቼ ነበር» አሉ። «እውነቴን ነው፣ አንስቼ ነበር። ከዚያ አወረድኩት። አንቺ ስትሻገሪ ከታች ሆኜ አየሁሽ። የጫማሽን ሥር አየሁት። ሰድቤሽ ሳልጨርስ፣ በሆዴ እስቲ ትውጣ ያልኩ ይመስለኛል። ያን ቀን ደግሞ ወገቤ አሞኝ ስለነበር እንጃ።»

አንዱን ቅርንጫፍ ጠርጌ ቱቦውን ወደ ሁለተኛው እያስገባሁ ነበር። ይህ ቅርንጫፍ ቀጭን ነው፤ ፊኛውን አንዲት ጠብታ አብዝተሽ ከነፋሽው ይቀደዳል።

«ሌባ ነሽ እንዳትዪኝ ብቻ» ቀጠሉ። «እኔ ጉትቻ ሳልልክ የሰው ልጅ አላስመጣሁም። ያ ቀይ ፈርጥ ያለው፣ የእናቴ የነበረው። እናትሽ አሁንም ታደርገዋለች?»

ዶክተር ጁማሊ ቀና ብለው አዩኝ። እጄን አዩ፣ ከዚያ ዓይኔን።

«አዎ እማማ» አልኳቸው። «በየበዓሉ ታደርገዋለች።»

ፊኛውን በልኩ ነፋሁ፣ በልኩ ሳብኩ። የቀረችው ትንሿ ጓል ወጣች። ከታች በኩል ደም ተመልሶ ሲመጣ አየሁ፤ የቦዩ ውኃ ማሳውን ዞሮ እንደ መጣ ማለት ነው። ደም ቅዳውን እንደ ፀጉር በቀጠነ ክር ሰፍቼ ስፈታው አንጓቸው ላይ ጣቴን አሳረፍኩ።

መታ። እንደ ሰከረው ፈረስ እየተደናቀፈ፣ ግን መታ።

አሁን ወሬው እንዴት እንደተወለደ። ስፌቱን ስንጨርስ ያ ደም ያለበት የበግ ቆዳ መሬት ላይ ወድቆ ይሸት ጀመር። ሲስተር ቶቱያ፣ ንጽሕና ወዳድ ናት፣ በነጭ አንሶላ ጠቅልላ በኋላ በር አወጣችው። በበሩ ላይ የቆሙት ዘመዶች ያዩት የክንድ ቁመት ያለው፣ ደም ያረጠበው ነጭ ጥቅል ነው። «ኢና ሊላሂ» ብለው እንደ ለቀስተኛ ተቀበሏት። እሷ ደግሞ ቆዳው ይመለስልን ያሉ መስሏት ሰጠቻቸው። ከፍተው ለማየት ማን ይድፈር? እንደ ወጉ ወደ መቃብሩ ይዘውት ሄዱ። መሬቱ በረዶ ስለሆነ በዶማ እየተጋደሉ ጉድጓድ ቆፈሩ። መንገደኛው ሲጠይቃቸው የቡሩል ክንድ ነው አሉ። የእናንተ መንደር ሰውም በዚያው በኩል ሲያልፍ ሰማ፤ ማታውኑ አንቺ ዘንድ ደረሰ።

ሜደር ከመቃብሩ ጭቃውን ሳይጠርግ ሲገባ አያቱ ትራስ ተደግፈው ሻይ ይጠጣሉ። በየትኛው እጅ ብትዪኝ፣ በቀኙ። ያን ጊዜ የፊቱን መልክ ላንቺ ልስልልሽ አልችልም። በግድግዳው ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«የት ነበርክ?» አሉት።

«ክንድሽን ስቀብር» አላቸው።

እማማ ቡሩል ሻዩ ትን አላቸው። ስፌቱ እንዳይላቀቅብኝ ሮጬ ክንዱን ያዝኩት። «በሉ በጉ ተቀብሯል፣ አላህ ይማረው» አሉ ትንታው ሲለቃቸው። «ሁለት በግ አርዳችሁ አንዱን እንኳ ሳታበስሉ።»

ሜደር ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። «ዶክተር» አለኝ፤ ከአፉ የወጣለት መጀመሪያ ይህ ነው። ውለታሽን በበግ ልመልስ አለ በመጨረሻ። በግ በቃችሁ አልኩት። ሚስት አለው፣ ሴት ልጅ አለችው። ልጅህ ስታድግ ያን ቀን የሆነውን ራስህ ንገራት፣ ከሰው እንዳትሰማው አልኩት። ራሱን ደፍቶ ሄደ። ልትዘልፊኝ ነው አውቃለሁ። ከዚህ ያነሰ የምለው አልነበረኝም።

በማግስቱ የጣቶቻቸውን ጉልበት ልፈትን ገባሁ። መዳፉ ቀልቷል፣ ሞቋል፣ በራሱ ሙቀት። «እስቲ ይዘርጉት እማማ፤ የፈለጉትን ነገር ይያዙልኝ» አልኳቸው። ክንዳቸውን ቀስ ብለው አነሡ። ያው ክንድ ወደ ራሴ መጣ፣ እናቴ። ለቅጽበት ያን ቀን ሆነብኝ፤ ግን ወደ ኋላ አላልኩም። የቀዶ ጥገና ቆቤን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ቆነጠጡ።

«ይህ ምንድነው?»

«የሐኪም ቆብ።»

«ማን አሰረልሽ?»

«ራሴ።»

ጥቂት ሳብ አድርገው ጥብቀቱን አዩ። «ደህና ታስሯል» አሉና ለቀቁት።

የደም ማቅጠኛውን ክኒን ዕድሜ ልካቸውን እንደሚውጡ ተስማምተን ነው የሸኘኋቸው። አልውጥም ካሉ ሄጄ ደፋቸው ላይ እንደምጋደም ነግሬያቸዋለሁ።

እነሆ እውነቱ ይህ ነው። ለሚጠይቅሽ ሁሉ ንገሪ። ዶክተር ጁማሊ ከከተማ ሌላ ቱቦ እንዲላክልን ጠይቀዋል፤ «የመሳቢያው ጌታ ወንድም ያስፈልገዋል» እያሉ። እኔ ደግሞ በረዶው ሲለቅ በየመንደሩ እየዞርኩ፣ ክንድ ወይም እግር ድንገት ነጥቶ ሲቀዘቅዝ አትጠቅልሉ፣ አታሹ፣ እሳት አታስጠጉ፣ በጉን ተዉትና መኪና አስነሡ እያልኩ ልናገር ነው። ሽማግሌዎቹ፣ አሮጊት የረገጠች ልትመክረን መጣች ይሉኝ ይሆናል። ይበሉ። እማማ ቡሩል አብሬሽ እዞራለሁ፣ እጄን እያወዛወዝኩ አሳያለሁ ብለውኛል። ማን እንደሚረታ እናያለን።

የተረፈኝ ትንሽ ነው። ታናሿ ፈተናዋን እንደጨረሰች ወደ እኔ ላኪያት። ሌላ አልጋ አስገብቻለሁ፤ ከእኔ ጋር ተቀምጣ የምትፈልገውን ትማራለች። እስከዚያው ከአክስቴ ዘንድ የሚመጣ ዱቄት ካለ አባባ ያምጣው። ወደ እኔ ስትመጣም በላይኛው መንገድ ትምጣ። ይርቃል አትበያት።

እኔ ለጸደዩ በዓል፣ ለኑሩዝ እመጣለሁ። በወፍጮው በኩል፣ ብቻዬን፣ በጠራራ ፀሐይ። ጉትቻሽን በእኔ ምክንያት አታውልቂው፤ ስመጣ አድርገሽው ልይሽ። በሩን እንዲከፍት ግን አባባን አትላኪው። በዚህኛው ጊዜ አንቺ ክፈቺልኝ።

አላህ ወገብሽን ያጽና፣ ምድጃሽን አያብርድ፣ ያንቺንም ዕድሜ ያርዝምልኝ። አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ቡራቡሬዋ ሴት ከወለደች ጥጃዋን በእኔ ስም ጥሪያት፤ እሷንም በረት አይችላት።

ደፍ ተሻጋሪዋ፣ የምትወድሽ ልጅሽ